በዘጠኝ ወር ሦስት ቺንጋ የበላች ኮሮላ፤ ጥፋቱ የቺንጋው ነው ወይስ የፑሊው?

ባለኮሮላው (ባሕር ዳር)፦

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያላት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ኤሲ ስለሌላት በሞተሯ ጎን የሚዞሩት ቺንጋዎች (የጎማ ቀበቶዎች) ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞና የውሃ ፓምፑን አንድ ላይ ያዞራል፣ ሁለተኛው የመሪውን ፓምፕ። ያስቸገረኝ የዲናሞው ነው። ባለፈው ኅዳር አሮጌው ተሰነጣጥቆ ስለነበር በአዲስ አስቀየርኩት፤ ነገር ግን አምስት ወር ሳይሞላው ጠርዙ እንደ አሮጌ ገመድ ተተልትሎ ተገኘ። በሚያዝያ የገባው ሁለተኛው እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ብቻ ቆየ። አሁን ያለው ሦስተኛው ከገባ ስድስት ሳምንት ቢሆነው ነው፤ በውስጥ ፊቱ ካሉት አራት የጎማ ረድፎች የዳርኛው ከወዲሁ መቀደድ ጀምሯል።

ድምፁን በተመለከተ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ ጠዋት ሞተሩ እንደተነሣ ለአንድ ደቂቃ ያህል «ሲጥጥ» ብሎ ስለሚጮኽ ጎረቤቶቼ የሚነቁት በእኔ መኪና ሆኗል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይህኛው ጩኸት ይጠፋና በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ሲዞር እንደ ጫጩት «ጭው ጭው» የሚል ሌላ ድምፅ ይተካል። ሦስት ጋራዥ ሄጄ ሦስቱም «ቺንጋው ላልቷል» ብለው አጥብቀውልኛል። ከመካከላቸው አንዱ እግረ መንገዱን ታይሚንጉን (ብልጭታው ቤንዚኑን የሚያቀጣጥልበትን ጊዜ) በመብራት ለክቶ «አስተካክዬዋለሁ» አለኝ፤ ከጥያቄዬ ጋር ባይገናኝም፣ ከዚያ ወዲህ ቤዛዊት ኮረብታን ስወጣ ጉልበቷ እንደ ድሮው አይደለም፣ ቤንዚንም ትበላለች።

ለመስቀል ቤተሰቤን ይዤ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ። ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ያውም የዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት፣ በዚህ ቺንጋ አያስተማምነኝም። ጥፋቱ ከቺንጋው ጥራት ነው ወይስ ሌላ ቦታ ልፈልግ? ወይስ ከሽፋን ሥር ሆኖ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ ይሆን እንዴ የሚጮኸው?

ሹፌሩ (ሐሙሲት)፦

ወንድሜ፣ ክረምት ላይ ሁሉም አሮጌ መኪና ይጮኻል፤ ብዙ አይጨነቁ። ደረቅ ሳሙና ይውሰዱና ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የቺንጋውን የውስጥ ፊት ይሹበት። ከዚያ ዲናሞውን በፓሎ (በረጅም ብረት) ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ ቡሎኑን ጥርቅም ማድረግ ነው። እኔ በዚህ ዓይነት ስንቱን ክረምት አልፌያለሁ። ቺንጋ ሲገዙ ግን ርካሹን አይግዙ።

አሮጌ መካኒክ፦

ሁለታችሁንም አነበብኩ። በዚህ ሙያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለቆየሁ ጠያቂያችን ትንሽ ረዘም አድርጌ ብመልስልዎ ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጀመሪያ ከጋራዥ ሲመለሱ የተቀየረውን ቺንጋ ጥለው አይምጡ፤ ከመኪናው የበለጠ የሚናገረው እሱ ነው። ላልቶ የተንሸራተተ ቺንጋ የውስጥ ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ሲያሸትቱትም የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። በዕድሜና በሙቀት የደከመ ከሆነ ረድፎቹ በአግድም ይሰነጣጠቃሉ። (ይህ የሚሆነው በድሮዎቹ ነው፤ አሁን የሚመጡት ከሌላ ዓይነት ጎማ ስለሚሠሩ ሳይሰነጠቁ ረድፋቸው እየሳሳ ያልቃሉ፤ ስለዚህ «ስንጥቅ የለውም» ማለት «ደኅና ነው» ማለት አይደለም።) ዘይት የነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። የእርስዎ ምልክት ከእነዚህ ከአንዱም አይደለም። ጠርዝ መተልተልና የዳርኛው ረድፍ ተቀድዶ መውጣት ማለት ቺንጋው ከአንዱ ፑሊ (ቺንጋው ከሚዞርበት መንኮራኩር) ወደ ሌላው ሲሄድ ቀጥ ብሎ አይገባም፣ በየዙሩ ጠርዙ እየተጋጠ ነው ማለት ነው። ሦስት ተከታታይ ቺንጋ በአንድ ዓይነት መንገድ ከተበላ ደግሞ ሦስቱም ጥራት የጎደላቸው ነበሩ ብሎ ለማመን ይከብደኛል።

ሁለቱ ድምፆችም የአንድ በሽታ ምልክቶች አይደሉም። ረጅሙ «ሲጥጥ» የመንሸራተት ድምፅ ነው፤ ሌሊት የቀዘቀዘው ባትሪ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) አዙሮ ስለሚደክም ዲናሞው ወዲያው ሊሞላው ከባድ ጭነት ይይዛል፣ ቺንጋው ላይ ደግሞ እርጥበት አለ። አጭሩና የሚደጋገመው «ጭው ጭው» ግን የመጣመም ድምፅ ነው። ለማረጋገጥ በእጅ የሚረጭ የውሃ ጠርሙስ ይያዙና ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ ቺንጋው ረድፍ ላይ ጥቂት ውሃ ይርጩ። ጩኸቱ ወዲያው ከባሰ መላላት ነው፤ ለጊዜው ዝም ብሎ ውሃው ሲደርቅ ከተመለሰ የፑሊዎቹ አሰላለፍ ነው። አደራዎን፣ ይህን ሲያደርጉ ጋቢም ሆነ ሰፊ እጅጌ ያለው ልብስ አይልበሱ፣ እጅዎንም ከቬንትሌተሩ (ከራዲያተሩ ማራገቢያ) ያርቁ፤ የኮሮላው ቬንትሌተር በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ሳያስጠነቅቅ ይነሣል።

የታይሚንግ ቺንጋውን በተመለከተ ስጋት አይግባዎ፤ እሱ ጥርስ ስላለው ተንሸራቶ አይጮኽም፣ ሲበጠስም አብዛኛውን ጊዜ ሳይናገር ነው። በዚህ ሞተር ላይ ቢበጠስ እንኳ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም፤ መንገድ ላይ ያስቀራል እንጂ ሞተር አይሰብርም። በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት።

አሁን ወደ ፍተሻው። የዲናሞውን ቺንጋ ያውጡና ሞተሩን ከግማሽ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ያስነሡት። የማይበልጠው የውሃ ፓምፑ ስለማይዞር ነው። ድምፁ ከጠፋ ምንጩ በዚያ ቺንጋ መንገድ ላይ አለ ማለት ነው። ሞተሩን አጥፍተው ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን በየተራ በእጅዎ ያዙሯቸው፤ ደኅና ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ባለኳስ ቀለበት) ዝም ብሎ ይዞራል፣ የተበላው ጣትዎ ላይ አሸዋ የፈጨ ያህል ይሰማዎታል። ፑሊውን ወደ ላይና ወደ ታች ሲነቀንቁት መላወስ የለበትም። የውሃ ፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በባትሪ መብራት ይዩ፤ የደረቀ የራዲያተር ውሃ ዱካ ካለ ፓምፑ ቀኑ ደርሷል።

ኩሽኔታዎቹ ደኅና ከሆኑ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ወስደው በክራንክ ሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሊና በዲናሞው ፑሊ ፊት ላይ ያጋድሙት። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካዩ ለባለረድፍ ቺንጋ ብዙ ነው። ዲናሞው ከሌላ መኪና የተነቀለ ከሆነ ፑሊው በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ግን ሌላ ነው። የክራንክ ሻፍቱ ፑሊ አንድ ወጥ ብረት ይመስላል፤ አይደለም። የውስጡ እምብርትና የውጭው ቀለበት በመካከላቸው ባለ የጎማ ቀለበት ተጣብቀው የተያዙ ናቸው። ያ ጎማ በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ፣ በሙቀትና በዘይት፣ ይደርቅና ይለቃል፤ ከዚያ የውጭው ቀለበት ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ፣ አንዳንዴም ወደ ጎን እየወጣ ይዞራል። ዓይን በቀላሉ አያየውም። ስለዚህ የጥፍር ቀለም ይፈልጉና ከእምብርቱ ጀምሮ ጎማውን አቋርጦ እስከ ውጭው ቀለበት የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ሁለት ሦስት ቀን ነድተው ይመልከቱት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከቆየ ፑሊው ደኅና ነው። ከተቆረጠ ቺንጋዎን የሚበላውን አግኝተዋል።

ሳሙናን በተመለከተ፣ ሐሙሲት ያለው ወንድማችን አይቀየመኝና፣ ሳሙና ለአንድ ቀን ይይዛል፤ በማግስቱ የባሕር ዳርን አቧራ ሰብስቦ ቺንጋውን እንደ ሞረድ ያስበላዋል።

የሃይሉክሷ እመቤት (ዘጌ)፦

ስለ ማጥበቅ አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ ሃይሉክስ ናፍጣ ስትሆን የድሮው ዓይነት ጎነ ሾጣጣ ቺንጋ ነው ያላት፤ ቡና እየጫነች ከዘጌ ባሕር ዳር ትመላለሳለች። ሁለት ዓመት በተከታታይ የዲናሞዬ ኩሽኔታ ተበላ፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ የውሃ ፓምፑ ተከተለ። ምክንያቱ በኋላ ሲታወቅ ቺንጋው ዝም እንዲል ተብሎ እንደ ክራር አውታር ተወጥሮ ነበር። ያን ያህል የተሳበ ቺንጋ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም፤ ኩሽኔታዎቹን ቀንና ሌሊት ወደ አንድ ጎን እየጎተተ ይፈጃቸዋል።

የጩኸቱ ምክንያት የነበረው የዲናሞው ፑሊ መበላት ነው። ጎነ ሾጣጣ ቺንጋ የሚይዘው በሁለት ጎኖቹ ነው፤ የፑሊው ግድግዳ ሲሳሳ ቺንጋው ወደ ታች ይሰምጥና ወለሉን ይነካል፣ ያኔ የቱንም ያህል ቢወጠር መንሸራተቱን አይተውም። እንዴት አወቅሁ መሰላችሁ? የፑሊው የቦይ ወለል እንደ አዲስ የብር ሳንቲም ያብለጨልጭ ነበር፤ ወለሉ አቧራና ዝገት ለብሶ፣ የሚያብለጨልጩት ጎኖቹ ብቻ መሆን ነበረባቸው። ፑሊው ሲቀየር ቺንጋው በመጠነኛ ውጥረት ዝም አለ።

መምህራችን መካኒክ፣ ትክክለኛው ውጥረት ስንት እንደሆነ በቁጥር ቢነግሩን?

አሮጌ መካኒክ፦

እመቤቴ፣ በትክክል ገልጸውታል። ያለ መለኪያ ለሚሠራ ሰው፣ በሁለቱ በጣም በተራራቁ ፑሊዎች መካከል ያለውን ቺንጋ በአውራ ጣት 10 ኪሎ ያህል ጫና ሲጫኑት ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ድረስ ቢረግብ ለአብዛኞቹ አሮጌ መኪናዎች ተስማሚ ነው፤ አዲስ ቺንጋ ጥቂት ጠበቅ ይላል። 10 ኪሎ ስንት እንደሆነ እጅዎ እንዲያውቀው የወጥ ቤት ሚዛን ላይ በአውራ ጣትዎ ተጭነው ይለማመዱ፤ አብዛኛው ሰው ከሚያስበው በላይ ከባድ ነው።

ባለኮሮላው (ባሕር ዳር)፦

የተከበሩ መካኒካችን፣ የነገሩኝን ሁሉ ቅደም ተከተሉን ጠብቄ ሠራሁ፤ ውጤቱን እነሆ።

ውሃ ስረጭበት «ጭው ጭው» የሚለው ወዲያው ዝም አለ፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። ቺንጋው ወጥቶ ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ጠፋ። የውሃ ፓምፑ ደኅና ነው፤ የዲናሞው ኩሽኔታ ግን ሲዞር ትንሽ ሻካራ ነው፤ ሦስቱ ጋራዦች ያጠበቁበትን ዋጋ እየከፈለ ይመስለኛል። ማስመሪያውን ሳጋድም የክራንክ ሻፍቱ ፑሊ የውጭ ቀለበት በአንድ ወገን ወደ መኪናው ጎማ ወጣ ብሎ፣ ግማሽ ዙር ሳዞረው ደግሞ ገባ ብሎ አገኘሁት። ያኔ ነው ልቤ የደነገጠው።

ከልጄ ቀይ የጥፍር ቀለም ለምኜ መስመሩን አሰመርኩ። ለሦስት ቀናት በከተማው ውስጥና አንድ ጊዜ ጢስ ዓባይ ደርሼ ተመለስኩ። የቀኝ የፊት ጎማውን ፈትቼ ሳይ መስመሩ ተቆርጦ፣ የውጭው ግማሽ ከውስጠኛው በአውራ ጣት ውፍረት ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል። የፑሊውን የጎማ ቀለበት በካቻቢቴ ጫፍ ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ረገፈ።

ጠዋት ሲጮኽ የባትሪውን ቮልት ለክቼዋለሁ፤ 12.8 ብቻ ነበር፣ ጩኸቱ ሲቆም 14 ደረሰ።

አሁን የቸገረኝ ፑሊው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ አዲስ አላገኘሁም፤ ከተፈታ መኪና የወጣ አንድ ብቻ አለ።

ሹፌሩ (ሐሙሲት)፦

ስለ ሳሙናው ተቀብያለሁ። ስለ ፑሊው ግን መላ አለኝ፦ ቶርኖ ቤት ይውሰዱትና ጎማውን አውጥተው እምብርቱንና ቀለበቱን በአራት ቦታ በብየዳ ያያይዙልዎ። ከዚያ ወዲያ ወዴት ይንሸራተታል? አንድ ጓደኛዬ እንዲህ አሠርቶ ዓመት ከመንፈቅ ነድቶታል።

አሮጌ መካኒክ፦

ጓደኛዎ መንዳቱን አልጠራጠርም። ግን ጎማው እዚያ የገባው ለማጣበቅ ብቻ አይደለም። አራት ሲሊንደር ሞተር ክራንክ ሻፍቱን የሚያዞረው በአንድ ወጥ ግፊት ሳይሆን በየፍንዳታው በሚመጣ ምት ነው፤ ሻፍቱ በእያንዳንዱ ምት እንደሚጠመዘዝ ዘንግ በጥቂቱ ይጠማዘዛል፣ ይመለሳል። ጎማው ላይ የተንጠለጠለው ከባድ ቀለበት ያንን መጠማዘዝ ይውጠዋል። ሲበየድ ይህ ሥራው ይቀራል፤ በዚያ ላይ ብየዳው ሚዛኑን ያዛባል፣ በሙቀቱም ቀለበቱ ይጣመማል፤ ጠያቂያችን ሊሸሹት የፈለጉት መጣመም ማለት ነው። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው እስከ ቤቱ ለመድረስ ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

ከተፈታ መኪና የወጣውን ግን አይናቁት። ሁለት ነገር ይዩበት። ጎማው በዙሪያው ሙሉ መሆኑንና ወደ ውጭ ያላበጠ መሆኑን፤ እንዲሁም ጥፍር ሲጫነው የሚመለስ እንጂ የሚረግፍ አለመሆኑን። የማይመች ከሆነ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ የሚያስገዙት ሰው ይፈልጉ።

ፑሊውን ሲፈቱ መኪናዋን ክሪክ ላይ ብቻ አንጠልጥለው እንዳይገቡባት። አምስተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሬን የሚይዝልዎ ሰው ካለ ክራንክ ሻፍቱ ሳይዞር ቡሎኑ ይፈታል፤ ሞተሪኖውን ተጠቅሞ የሚፈታውን ዘዴ ተዉት፣ ብዙ እጅ አበላሽቷል። ከኋላው ያለውን ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) እዚያው ሳሉ ይቀይሩት፤ የታይሚንግ ቺንጋውንና ጥርሳሙን ፑሊ ማውጣት ስለሚጠይቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ካለፉት ግን የሚያፈሰው ዘይት አዲሱን ቺንጋ ብቻ ሳይሆን የታይሚንጉንም ያበላሻል። የዲናሞውንም ኩሽኔታ አብረው ያስቀይሩ።

አሁን ወደ ቤዛዊት ዳገት ልመለስ፤ «ከጥያቄዬ ጋር አይገናኝም» ብለው ያለፉት ነገር ይገናኛል። ታይሚንግ በመብራት ሲለካ የሚታየው ምልክት የተቀረጸው በዚያው በተንሸራተተው የውጭ ቀለበት ላይ ነው። ቀለበቱ ወደ ኋላ ሲቀር ምልክቱም አብሮ ስለሚዘገይ፣ ትክክል የነበረው ብልጭታ ለመካኒኩ በጣም የቀደመ ሆኖ ይታየዋል። እሱም በቅንነት ዲስትሪቢዩተሩን (ብልጭታውን የሚያከፋፍለውን ክፍል) ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ብልጭታው የዘገየበት ሞተር ጉልበት ያጣል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ይግላል። ስለዚህ ደኅናው ፑሊ ከገባ በኋላ ታይሚንጉ እንደገና መለካት አለበት፤ ለዚህ ሞተር በመመርመሪያ ሶኬቱ ላይ ሁለቱ ቀዳዳዎች በሽቦ ተገናኝተው፣ በሚኒሞ፣ ፒስተኑ ከሚደርስበት ከላይኛው ነጥብ 10 ዲግሪ ቀድሞ ነው።

ከዚያ በፊት ዓባይ በረሃ አይግቡ። ቺንጋው ከተበጠሰ በመጀመሪያ የሚበራው የባትሪው ቀይ መብራት ነው፤ ብዙ ሰው «ቤት ስደርስ አሳየዋለሁ» ብሎ ይቀጥላል። የእርስዎ ሞተር ላይ ግን ያ መብራት «ውሃው ቆሟል» ማለትም ነው። ቬንትሌተሩ በኤሌክትሪክ እየዞረ ያታልልዎታል፤ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል፣ ሞተር ውስጥ ያለው ውሃ ግን አይንቀሳቀስም። በባሕር ዳር ከፍታ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ለማቃጠል ብዙ ደቂቃ አይፈጅም። ክዳኑንም አብረው ይዩት።

ባለኮሮላው (ባሕር ዳር)፦

ከተፈታ መኪና የወጣውን ፑሊ በተባለው መሠረት መርምሬ ገዛሁት፤ ጎማው ሙሉ ነው። ኦይል ሲሉ፣ የዲናሞው ኩሽኔታና አራተኛው ቺንጋ አብረው ገቡ። ማስመሪያው አሁን በሁለቱም ፑሊ ፊት ላይ ያለ ክፍተት ይተኛል፣ ፑሊውን ባዞረውም አይወላገድም። ታይሚንጉ ሲለካ 10 መሆን የነበረበት 2 ላይ ተገኘ። መካኒኩ ራሱ ተገርሞ አሮጌውን ፑሊ «ለልጆቹ ማስተማሪያ» ብሎ አስቀረው። ትናንት ቤዛዊትን በሦስተኛ ማርሽ ወጣኋት። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት መኪናዋ ያለ አንዳች ጩኸት ተነሣች፣ ቮልቱም 14.1 ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ አዲሱን ቺንጋ ከስንት ጊዜ በኋላ ልየው?

አሮጌ መካኒክ፦

አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለጠጣል። ከተማ ውስጥ አንድ ሳምንት ይንዱና ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በአውራ ጣት ለክተው ካስፈለገ ትንሽ ይጥበቅ። ጉዞው ከመስቀል በፊት ስለሆነ ጊዜ አለዎት። በአዲሱ ፑሊ ላይም መስመር ማስመርዎን አይርሱ፤ ያገለገለ ዕቃ ነው።

ባለኮሮላው (ባሕር ዳር)፦

ከደጀን ነው የምጽፈው። በረሃውን ከመውረዳችን በፊት ሞተሯን አጥፍቼ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ልጄ በስልኳ መብራት እያበራች አጎንብሳ አየችው። ቀዩ መስመር አልተቆረጠም።